ምርቃቱ ሳያልቅ የነቀልኩት ገመድ

ወልቂጤ ውስጥ «ሽማግሌ እየመረቀ ገመድ የነቀለችው ልጅ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ እኔ ነኝ። ወሬው እየዞረ ብዙ ተጨምሮበታል። አገና ያለችው አክስቴ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ የሰማችው፣ የሽማግሌ ከዘራ ነጥቄ ስሮጥ ነው። ቡታጅራ በደረሰው ወሬ ደግሞ ይባስ ብሎ ሽማግሌ ገፍትሬ ጥያለሁ። ኧረ ጉድ ነው! እንግዲህ ዛሬ ከባለቤቷ አፍ ስሙት። ከሰማችሁ በኋላ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ እኔ እንደሆንኩ የሚፈርድብኝን ሰው ሁሉ ለምጄዋለሁ።

አስቴር እባላለሁ፤ አስቱ ይሉኛል። ቡታጅራ ተወልጄ አድጌ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ፣ ወልቂጤ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባለሙያ ሲባል ደስ ይላል እንጂ ክፍሉ እኔ ብቻ ነበርኩ። ኢንተርኔት ሲቆም አስቱ፣ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ አስቱ፣ የዲኑ ስልክ አልቀበል ሲል አስቱ። አልጠላሁትም፤ ሥራዬን እወድ ነበር። አፌ ግን ትንሽ ፈጣን ነው። እናቴ ይህ ጸባይ ከአባትሽ ወገን ነው ትላለች፤ አባቴ ደግሞ ከእናትሽ ወገን ነው ይላል።

ኮሌጁ ፎቅ ነው። ላይ ሁለት የኮምፒውተር ክፍሎች አሉ፤ ምድር ቤቱ ላይ ቢሮዎችና አንድ ትልቅ አዳራሽ። የሁሉም ገመድ የሚሰበሰበው ደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። «ሰርቨር ሩም» እንላታለን እንጂ ከእኔ በፊት የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች። እዚያ ውስጥ ስዊቹ አለ፤ ስዊች ማለት ከየክፍሉ የሚመጣው የኔትወርክ ገመድ ሁሉ የሚሰካበት ሳጥን ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሁሉም ያለ አንዳች ልዩነት አንድ ላይ ነበር። የተማሪ ውጤት የሚያዝበት ኮምፒውተርም፣ ተማሪ የሚፈተንበትም፣ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ አዳራሽ ውስጥ የሚሰካውም እርስ በርሱ ይተያያል፤ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይታመማል።

መድኃኒቱ ደግሞ እዚያው ስዊቹ ውስጥ ነበር። ቪላን ይባላል። አንዱን ስዊች ሳትሰብሩት፣ ሌላ ሳትገዙ፣ በትእዛዝ ብቻ ለሦስት ለአራት ትከፍሉታላችሁ። የፈተናው ገመዶች ለብቻቸው፣ የቢሮው ለብቻው፣ የእንግዳው ለብቻው ይሆናል፤ በመካከላቸው የማይታይ ግድግዳ ይቆማል። ይህን እንድሠራ ስንት ጊዜ ዲናችንን መምህር ከድርን ለምኛቸዋለሁ መሰላችሁ። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ከፍርሃት ጋር የተቀላቀለ ነው።

«አስቱ» ይሉኛል ሁልጊዜ፣ «የሚሠራ ነገር አትነካኪ።»

ሰኔ ላይ ኮሌጃችን የመውጫ ፈተና መፈተኛ ጣቢያ ሆነ። የመውጫ ፈተና ማለት፣ ለማታውቁት፣ ተማሪ ያን ሁሉ ዓመት ተምሮ ዲግሪውን ለመያዝ ማለፍ ያለበት ፈተና ነው፤ የሚሰጠውም በኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት ነው። ከተፈታኞቹ አንዷ ረዲያ ነበረች። የጉንችሬ ልጅ፣ ነርሲንግ የተማረች፣ ሳቂታ። ባለፈው ዙር ሌላ ጣቢያ ስትፈተን ኔትወርኩ እየተቋረጠባት ገና ብዙ ጥያቄ ሳትመልስ ሰዓቱ አለቀና ወደቀች። አሁን ደግሞ እርጉዝ ናት፤ ወሯ ገብቷል። አንድ ጤና ጣቢያ በጊዜያዊነት ያሠራት ነበርና ቦታውን ይዞላታል፤ ይህን ዙር ካላለፈች ግን ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ለምዝገባ የመጣች ቀን፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው።

ከፈተናው በፊት ባለው ቀን ሙከራ ነበር። ተፈታኞቹ ሁሉ ገብተው፣ በየኮምፒውተሩ ተቀምጠው፣ ሲስተሙ መሥራቱ ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጣችው ተቆጣጣሪ ሴት ቁርጥ አድርጋ ነገረችን፤ በሙከራው ሰዓት ውስጥ ሁሉም ካልገቡ ጣቢያው ይሰረዛል፣ ተፈታኞቹም ሌላ ከተማ ሄደው ይፈተናሉ። ረዲያ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ አየችኝ። በዚያ ሁኔታዋ መኪና ላይ ተንገላታ የትም መሄድ እንደማትችል ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

በዚያው ቀን ታች አዳራሹ ውስጥ የአካባቢው ተወላጆች የሁለት ቀን ጉባኤ ተጀምሮ ነበር። መንገድ ለማሠራት ነው የተሰባሰቡት፤ በጎ ሥራ ነው፤ እኔም መንገዱን እፈልገዋለሁ። የጉባኤው ሰብሳቢ ጋሽ ዘርጋ ይባላሉ። መርካቶ ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ የኮሌጃችን ባለቤት ወዳጅ፣ ሲመጡ ዘበኛው ሳይቀር ቀጥ ብሎ የሚቆምላቸው ሰው ናቸው። አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ጉባኤውን በቀጥታ እንዲያዩ ይፈልጋሉ። ለዚሁ ብለው አንቴናው እንደ ጣት የተዘረጋ ትልቅ የዋይፋይ ራውተር ከአዲስ አበባ ገዝተው ለአዳራሹ በስጦታ አመጡ። ለእኔ የነገረኝ የለም።

ሙከራው ተጀመረ። መጀመሪያ ሁሉም ገቡ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ እጁን አወጣ፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ አንድ ረድፍ ሙሉ።

«ተቋረጠብኝ!»

«የኔም ጠፋ!»

ረዲያ እጇን እንኳ አላወጣችም። ስክሪኑን ዝም ብላ ታያለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኮምፒውተሯ ላይ ጎንበስ ብዬ አድራሻውን አየሁት። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ ከራውተር አድራሻ ይሰጠዋል፤ የኛ ራውተር የሚሰጠውን ቁጥር ደግሞ ከስሜ እኩል አውቀዋለሁ። ይሄኛው የኛ አይደለም። ሌላ አድራሻ ሰጪ ሕንፃው ውስጥ ገብቷል፤ ቀድሞ የመለሰለትን ኮምፒውተር ሁሉ መውጫ ወደሌለው መንገድ ይመራዋል።

«ሰዓቱ እያለቀባችሁ ነው» አለች ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን እያየች።

«አሁን እመለሳለሁ» ብዬ ደረጃውን ወረድኩ። የሰርቨር ሩሙ ቁልፍ ግን ዲኑ ኪስ ውስጥ ነው። ዲኑ ደግሞ አዳራሽ ናቸው።

አዳራሹን ከፍቼ ስገባ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቷል። መድረኩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ያ ራውተር፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ። አጠገቡ ጋሽ ዘርጋ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። አባባ ክፍሌ፣ እድሜ የጠገቡ የአገር ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘርግተው ስጦታውን እየመረቁ ነው። እኛ ዘንድ ምርቃት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ተጀምሮ አይቆረጥም፤ አፍ ይዘጋል፣ እግር ይቆማል፣ ሁሉም አሜን ይላል።

«ያመጣው እጅ አይጠር!»

«አሜን!»

«ያሰበው አይጉደል!»

«አሜን!»

ራውተሩን ከጀርባው አየሁት። ከግድግዳው የመጣው ገመድ ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቷል። እንግዳ ራውተር ከሌላ ኔትወርክ ጋር ሲገናኝ የሚሰካው በሰማያዊው ቀዳዳ ነው፤ በቢጫው ከተሰካ ግን የሰውን ቤት የራሱ ቤት አድርጎ አድራሻ ማደል ይጀምራል። አገኘሁት! በጫማዬ ጫፍ እየሄድኩ መምህር ከድር አጠገብ ደረስኩ።

«መምህር፣ ላይ ያለውን ፈተና የገደለው ይሄ ራውተር ነው። ይነቀል።»

«ምርቃቱ ይለቅ» አሉኝ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ።

«አይደርስም። ሰዓቱ እያለቀ ነው።»

«አስቱ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ።»

አባባ ክፍሌን አየኋቸው። ገና ወደ ጋሽ ዘርጋ አያቶች መግባታቸው ነበር፤ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ከብት፣ ከከብት ወደ አገር ሊዞሩ ነው። ላይ ረዲያ የጠፋ ስክሪን እያየች ተቀምጣለች። ሽማግሌ አክብሬ ያደግኩ ልጅ ነኝ፤ ምርቃት ሲሰጥ ያስነጠስኩ እንደሆነ እንኳ የሚቆጣኝ አባት ነው ያሳደገኝ። ግን እግሬ መድረኩ ላይ ወጣ። እጄም ሄደ። ነቀልኩት።

የአሜኑ ግማሽ በሰው አፍ ውስጥ ቀረ። ጋሽ ዘርጋ ገመዱን እጄ ላይ ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«ይቅር በሉኝ፣ ላይ ተማሪዎች እየተፈተኑ ነው» ብዬ ሮጥኩ። ገመዱን ከግድግዳውም መዝዤ ይዤው ነው የሮጥኩት፤ የከዘራው ወሬ ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም።

ላይ ወጥቼ ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ አጥፍቼ አስነሳሁ። ተፈታኞቹም አገዙኝ። አንዱ ገባ፣ ሌላው ገባ፣ ረድፉ ገባ። በመጨረሻ ረዲያ «ገባሁ፣ አልሐምዱሊላህ!» ስትል ተቆጣጣሪዋ ሰዓቷን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«ዛሬ ተርፋችኋል» አለችኝ። «ነገ ግን ሙከራ አይደለም። የተቋረጠበት ተቋረጠበት ነው።»

ከዚያ ወደ ዲኑ ቢሮ ተጠራሁ። ጋሽ ዘርጋ ተቀምጠዋል፣ አባባ ክፍሌም ከዘራቸውን ተደግፈው። መምህር ከድር ላብ በላብ ሆነዋል።

«ትክክል እንደሆንሽ አውቃለሁ» አሉኝ ዲኑ። እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ባያውቁ ይሻል ነበር። «ግን ሂጂና ገመዱን መልሺ። ጋሼንም ይቅርታ ጠይቂ፤ ነገሩ እዚህ ይለቅ።»

«ገመዱን እመልሳለሁ» አልኩ። «መጀመሪያ ግን ስዊቹን ልክፈለው። አዳራሹ ለብቻው፣ ፈተናው ለብቻው። ያኔ ጋሼ የፈለጉትን ያህል ይሰኩ፣ ላይ ያለውን ማንንም አይነካም።»

«ልክፈለው?» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «ሰምታችኋል? እኛ ከየአገሩ ሰው ልንሰበስብ ደክመን መጣን፣ ይቺ ልትከፍለን ነው! ጉራጌ በአንድ ልብ ሠርቶ ነው እዚህ የደረሰው። አንድ ገመድ ለሁላችንም ያንሳል?»

«ጋሼ፣ አገር ቤት ሲሄዱ የት ነው የሚያድሩት?»

«ይህ ምን አገባው?»

«ሳር ቤት ውስጥ ከብቱም ሰዉም በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። መካከሉ ላይ ግን አጥር አለ። ያ አጥር ባይኖር በሬው ሌሊት መጥቶ ሕፃኑን ይረግጠዋል። አጥሩ ቤቱን ከፈለው እንዴ?»

አባባ ክፍሌ ከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ነበር። ጋሽ ዘርጋ ግን አልሳቁም።

«በሬው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ራውተርዎ ነው» አልኩ። አፌን ነግሬአችኋለሁ።

መምህር ከድር በመካከላችን ገብተው አስታረቁን አልልም፤ ብቻ ሰዓት ገዙልኝ። የፈተናው ጣቢያ ከተሰረዘ ኮሌጁም ስሙ እንደሚጎድፍ ለጋሽ ዘርጋ ነገሯቸው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ከምሽት በፊት ጨርሺ። ከተበላሸ ግን እኔ የለሁበትም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ከተበላሸማ እኔ አለሁበት።

ያን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኔ ከላፕቶፔ ጋር ደረጃው ሥር ተቀመጥኩ። መጀመሪያ እያንዳንዱን ገመድ እየተከታተልኩ ከየት እንደመጣ በወረቀት ፕላስተር ጻፍኩበት። ከዚያ ስዊቹ ውስጥ ሦስት ቪላን ፈጠርኩ፤ አንዱ ለፈተና፣ አንዱ ለቢሮ፣ አንዱ ለእንግዳ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየቪላኑ መደብኩ። የኛ ራውተርም ለሦስቱ በየራሳቸው በር ኢንተርኔት እንዲሰጥ አደረግኩ። ወጥቼ ስሞክር ቢሮው ይሠራል፣ አዳራሹ ይሠራል፣ ፎቁ ላይ ግን ጭጭ። አንድም ኮምፒውተር አይሠራም። መምህር ከድር በር ላይ ቆመው «ነግሬሽ ነበር» የሚለውን ፊታቸውን ይዘው ያዩኛል።

ተቀመጥኩና አሰብኩ። ፎቁ ላይ የራሱ ሁለተኛ ስዊች አለ፤ ከታችኛው ጋር የሚያገናኘው አንድ ገመድ ነው። ያ ገመድ ለአንድ ቪላን ብቻ ነው የተመደበው፤ ለቢሮው። የፈተናው መረጃ ደረጃው ላይ ደርሶ የሚያሳልፈው አጥቶ ይመለሳል። ያን ገመድ ሁሉንም ቪላን ምልክታቸውን እንደያዙ እንዲያሳልፍ አደረግኩት፤ እኛ ትራንክ እንለዋለን። ላይ ወጥቼ አንዱን ኮምፒውተር ስከፍት፣ አድራሻው የኛ፣ ኢንተርኔቱ የሚበር። ብቻዬን ባዶ ክፍል ውስጥ እልል አልኩ። ከዚያ አዳራሽ ወርጄ የጋሽ ዘርጋን ራውተር በገዛ እጄ በሰማያዊው ቀዳዳ ሰካሁት። ሠራ። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ረዲያ ባለቤቷ ደግፏት መጣች። ለጀርባዋ መደገፊያ ትራስ ይዞላታል።

«አስቱ፣ ወላሂ ዛሬ ከተቋረጠብኝ እዚሁ ነው የምወልድልሽ» አለችኝ እየሳቀች።

«ውለጂ» አልኳት። «ኔትወርኩ ግን አይቋረጥም።»

ፈተናው እንደተጀመረ ሰርቨር ሩሙን ቆለፍኩና በሩ ፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ትንሽ ቆይቶ ከአዳራሹ ጫጫታ ተሰማ። በሩ ተበረገደና ጋሽ ዘርጋ እየተንጎማለሉ መጡ፤ ከኋላቸው መምህር ከድርና ሌሎች የጉባኤው ሰዎች።

«ቆረጥሽብን!» አሉኝ ገና ከሩቅ። «አዲስ አበባ ያለው ሰው ሁሉ እየጠበቀ ቆረጥሽብን!»

ወደ አዳራሹ ተመለከትኩ። የጠረጴዛው ቦታ ተቀይሯል፤ ሲያዛውሩት ገመዱ ወልቆ እንደገና ሰክተውታል። በየትኛው ቀዳዳ እንደሰኩት ለማወቅ ማየት አላስፈለገኝም። ያኔ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ ደስታ ነው! ራውተሩ ትናንት ያደረገውን ዛሬም እያደረገ ነው፣ አድራሻውን እያደለ ነው፤ ላይ ግን አንድ እጅ አልወጣም። ግድግዳው ቆሟል።

«ጋሼ፣ እኔ አልቆረጥኩም። ጠረጴዛው ሲነሳ ገመዱን ቢጫው ቀዳዳ ውስጥ ሰክታችሁት ነው። ነቅላችሁ ሰማያዊው ውስጥ አድርጉት፣ ወዲያው ይሠራል።»

«አንቺ ነሽ እኔን የምታዝዢኝ? የፈተናው ይሠራል፣ የኛ አይሠራም። የኛንም በፈተናው በኩል አድርጊው። ክፈቺ!»

«አልከፍትም።»

«አስቱ» አሉ መምህር ከድር፣ በሚለምን ድምፅ። «ለትንሽ ጊዜ ብቻ እንደ በፊቱ አንድ ላይ አድርጊው። ጋሼ ለኮሌጁ ባለቤት ደውለዋል። ባለቤቱም ትክፈት ብሏል።»

«እንደ በፊቱ ካደረግኩት ላይ ያሉት ሁሉ ይቋረጣሉ። ይህን እርስዎ ያውቃሉ መምህር። ትናንት በዓይንዎ አይተዋል።»

«ቁልፉን ለመምህር ስጪ» አሉ ጋሽ ዘርጋ። «ሥራው የአንቺ አይደለም፣ የኮሌጁ ነው።»

ቁልፉን ከአንገቴ ላይ አወጣሁት። የምሰጥ መስሏቸው መምህር ከድር እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ደግሞ በቀሚሴ አንገት አስገብቼ ደረቴ ውስጥ ሰደድኩት።

«የሚያወጣው ካለ ይምጣ» አልኩ።

ከጉባኤው ሰዎች አንዱ «ወይ ዘንድሮ!» ብሎ ፊቱን አዞረ። ጋሽ ዘርጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ወንበሩን ጨብጬ ያዝኩት። እንዲህ አልኳቸው፦ «ከሥራ ማባረር ትችላላችሁ፤ መብታችሁ ነው። ግን ፈተናው ሲያልቅ አባርሩኝ። አሁን ከዚህ በር ላይ የሚያነሳኝ የለም።»

ሄዶ ገመዱን ሰማያዊው ውስጥ የሚሰካ ሰው አልተገኘም። አስቡት! ትንሽ ልጅ የምትሠራው ነገር ነው። ጋሽ ዘርጋ ግን የኔን ትእዛዝ ከሚፈጽሙ ጉባኤው ያለ ኢንተርኔት ቢውል መረጡ፤ ሌላውም እሳቸውን እያየ አልነካውም። እኔም ሄጄ ላስተካክልላቸው እችል ነበር፤ በሩን ትቼ ግን አልሄድም። ሁለታችንም ግትር ነን። ልዩነቱ፣ የእሳቸው ግትርነት የሚጎዳው ጉባኤውን ነው፤ የእኔ ቢላላ የሚጎዳው ረዲያን ነው።

እዚያው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የነበረው ሰዓት እንዴት ረዘመብኝ! ከላይ የወንበር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቀና ብዬ ደረጃውን አያለሁ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እንደ እብድ እያየኝ ያልፋል። አባባ ክፍሌ ሽንት ቤት ሲሄዱ ቆም ብለው «ልጄ፣ ቁርስ በልተሻል?» አሉኝ። አልበላሁም ስላቸው ከጋቢያቸው ውስጥ ቆሎ ዘግነው ሰጥተውኝ ሄዱ።

በመጨረሻ የፎቁ በር ተከፈተና ተፈታኞቹ እየተንጋጉ ወረዱ። ረዲያ ከሁሉም ኋላ፣ በሁለት እጇ የደረጃውን ብረት ይዛ፣ አንድ አንድ እያለች።

«ተቋረጠ?» አልኳት ከወንበሬ ብድግ ብዬ።

«ምኑ?» አለች። «ሁሉንም መለስኩ። ደግሜ አየሁት እንኳ!»

እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ ቁልፉን አወጣሁና ለመምህር ከድር ሰጠኋቸው። «ፈተናው አልቋል። አሁን ይክፈቱት» አልኳቸው።

ከቀናት በኋላ ሽምግልና ተጠራ። ጋሽ ዘርጋ ከአዲስ አበባ ተመልሰው መጡ፤ አባቴም ከቡታጅራ ተጠርቶ መጣ። በአገራችን ደንብ ያጠፋ ልጅ የበደለውን ሰው ጉልበት ይስማል፣ ይታረቃል፣ ይመረቃል፤ ያልቃል። መምህር ከድር ቀድመው ሹክ አሉኝ፦ «ጉልበታቸውን ሳሚ፣ ሥራሽ ይቀጥላል።»

ተነሳሁ። አባባ ክፍሌ ጋ ሄጄ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «አባባ፣ ምርቃትዎን አቋርጫለሁ። ለሱ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። ራሴን ዳሰሱኝ። ጋሽ ዘርጋ ቀጥለው ጉልበታቸውን አስተካክለው ጠበቁ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«የእሳቸውስ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«የእሳቸውን አልስምም። ገመድ ነቀልኩ እንጂ አልበደልኳቸውም። ነገም ተማሪ ላይ ቢሰኩት እነቅለዋለሁ።»

አባቴ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሥራዬ እዚያ ላይ አበቃ።

ቡታጅራ ተመለስኩ። አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ እዚያ ስውል እሱ እየላገ አያናግረኝም። ዘመድ በተሰበሰበበት አንገቴን አስደፋሽኝ የሚለውን በአፉ ባይለውም ከፊቱ አነብበዋለሁ። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ። ረዲያ ናት። ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት፤ ከጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል።

«አስቱ! አለፍኩ! ወላሂ አለፍኩ! ሥራውንም ሰጡኝ!»

መላጊያው ቆመ። ስልኩን ስዘጋ አባቴ «ማን ናት?» አለኝ። ያቺ ላይ ስትፈተን የነበረችው ናት አልኩት። ከዚያ የእንጨት ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ እያራገፈ፣ «ነይ ያን ጫፍ ያዢልኝ» አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ይሄ ነው፣ ወዳጆቼ። አሁን ወልቂጤ ተመልሼ ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሱቅ ኔትወርክ እሠራለሁ። በሄድኩበት ሁሉ የሚሉኝ አንድ ነው፦ «እኛ እኮ አንድ ቤተሰብ ነን፣ መክፈል ምን ያደርጋል?» እኔም አንድ አይነት መልስ እመልሳለሁ። ቤተሰብነታችሁን አልነካሁም እላቸዋለሁ፤ የታካሚውን ገመድ ከእንግዳው ገመድ ነው የምለየው። አንዳንዱ ይገባዋል፣ አንዳንዱ ያኮርፋል። ያኮረፈ ያኩርፍ። ድሮ ሰው ሲያኮርፍብኝ እንቅልፍ አጣ ነበር፤ ዛሬ እተኛለሁ። ያ ቀን የለወጠው ይሄን ነው። እናንተም አንድ ቀን በር ላይ መቀመጥ ቢመጣባችሁ፣ የሚጮኸውን ሰው ትልቅነት አትዩ። ከኋላችሁ ማን እንዳለ እዩ።

ጋሽ ዘርጋ አሁንም ለጉባኤው ይመጣሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ ያዞራሉ። እኔ ግን ያደግኩት ሰላምታ እየሰጠሁ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ፣ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ «ጋሽ ዘርጋ፣ እንደምን ዋሉ!» እላቸዋለሁ።